ሦስቴ ሄጄ አንዴ ያየሁት ሮኬት

ረጅም ነው። ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ፣ ወይ ደግሞ ዝለሉት፣ አልቀየምም። ቀኑን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እዚህ ስንኖር ጭንቅላታችን እንደዛ ሆኗል። ሰዓቱን ግን በእኛ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 16፣ 2022፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ47 ላይ ናሳ አርቴሚስ 1ን ወደ ጨረቃ ሲልክ ፍሎሪዳ፣ ታይተስቪል ውኃ ዳር ቆሜ አየሁ። ፎቶውን ስለጥፍ ብዙዎቻችሁ «ታድለህ» አላችሁኝ፣ አመሰግናለሁ። ሁለት ልጆች ግን ከሥር «ስንቴ ነው የሚሰረዘው? አሜሪካም ሲስተም የለም ማለት ጀመረች እኮ» ብለው ጻፉ። ቀልድ እንደሆነ ገብቶኛል። ነሐሴ ላይ ብትጠይቁኝ እኔ ራሴ ከዚህ የባሰ ነበር የምለው። አሁን ግን ሐሳቤ ተቀይሯል። የቀየረኝ ደግሞ ሮኬቱ ሳይሆን አባቴ ነው።

አባዬ በ2022 ክረምት ሊጠይቀን አትላንታ መጥቶ ነበር። 78 ዓመቱ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ መካኒክ ሆኖ ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። ሐምሌ 1961 ዓ.ም. (ይሄ በእኛ ነው) ሰው ጨረቃ ላይ ሲወርድ ደሴ ጋራዥ ውስጥ ነበር፤ ወሬውን በዘበኛው ሬዲዮ ሰማ። ጠዋት ለጓደኞቹ ሲነግራቸው ግማሾቹ «አንተ ደግሞ» ብለው ሳቁበት። ይሄን ታሪክ ልጅ ሆነን ስንት ጊዜ እንደሰማነው አልነግራችሁም። ታዲያ ኦገስት አጋማሽ ላይ ሳሎን ቁጭ ብለን ዜና ስናይ ያ ብርቱካናማ ሮኬት ወደ ማስወንጨፊያው ሲጓዝ አሳዩ። አባዬ መነጽሩን አስተካክሎ «ይሄ የሚነሳበት ቦታ ከዚህ የስንት ሰዓት መንገድ ነው?» አለኝ። ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው አልኩት። «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

የመጀመሪያው ቀጠሮ ሰኞ፣ ኦገስት 29 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ33 ነበር። ከ100 ሺህ በላይ ተመልካች ይመጣል ተብሎ ስለነበር የሆቴል ዋጋ አይቀመስም፤ እኛ መኪና ውስጥ አደርን። አባዬ ከአዲስ አበባ ያመጣውን ቆሎና በሶ ይዞ መጥቷል፤ መኪናዬ እስካሁን በሶ በሶ ይሸታል። ታይተስቪል ማለት ከማስወንጨፊያው ማዶ፣ ኢንዲያን ሪቨር የሚሉት ሰፊ ውኃ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከዚያ እስከ ሮኬቱ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ርቀት 98 ሜትር የሚረዝም ነገር የክብሪት እንጨት ያህላል። ሌሊቱን ሰው በድንኳን፣ በተጣጣፊ ወንበር፣ በመኪና ጣሪያ ላይ ሞልቶ አደረ። የወባ ትንኙን ነገር ተዉት። አባዬ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ «እዚህም ቆላ አላችሁ ለካ» ይላል።

ከዚያ መጠበቅ። ሌሊት መብረቅ ስለነበር ነዳጅ መሙላቱ አንድ ሰዓት ያህል ዘገየ። ሲነጋ ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ቆጠራው 40 ደቂቃ ሲቀረው ቆመ። ቆሞ ቀረ። ከአራቱ ሞተሮች አንዱ፣ ሦስተኛው፣ በቂ አልቀዘቀዘም አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ነዳጁ ፈሳሽ ሃይድሮጅን ነው፣ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ። ይሄ ነገር በፍሎሪዳ ሙቀት ሲጠበስ ወደዋለ ሞተር ድንገት ቢገባ ብረቱ ይጎዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ትንሽ ትንሽ ሃይድሮጅን እያሳለፉ ሞተሩን ያቀዘቅዙታል። የጋለ ብርጭቆ ላይ በረዶ ውኃ መድፋት ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሦስተኛው ሞተር ሙቅ ነው ብሎ የሙቀት መለኪያው ተናገረ፣ ሰዓቱ አለፈ፣ ተሰረዘ።

ሕዝቡ አንድ ላይ «አአአ» አለ። ከዚያ ወንበር ማጠፍ። ከታይተስቪል ለመውጣት ብቻ ሦስት ሰዓት ፈጀብን።

ከቀናት በኋላ ኢንጂነሮቹ ሞተሩ ደህና እንደነበር፣ የተሳሳተው መለኪያው እንደሆነ ተናገሩ። ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። ያለ ክፍያ ፈቃድ ወስጄ፣ ሽማግሌ አባቴን መኪና ውስጥ አሳድሬ፣ በአንድ ውሸታም ሴንሰር ምክንያት! አባዬን «አየህ? ምንም አልነበረም እኮ» አልኩት። ቲቪውን እያየ «ሴንሰሩ እንደሚዋሽ በዚያች ሰዓት በምን ያውቃሉ?» ብሎ ዝም አለ። መልስ አልነበረኝም፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 3 ከቀኑ 8 ሰዓት ከ17 ሆነ። የሌበር ዴይ ሰሞን ስለሆነ መንገዱ ከመጀመሪያውም የባሰ ነው። ዓርብ ማታ ወጥተን ነግቶ ደረስን። አባዬ የበረራ ትኬቱ ለሴፕቴምበር 8 ተቆርጧል፣ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ መድረስ አለበት። ትኬቱን እናራዝመው ብዬ ለምኜዋለሁ። «እናትህን ለዓውደ ዓመት ብቻዋን አልተዋትም፣ ለሮኬት ብዬ!» አለ። ስለዚህ ለእሱ ይሄ የመጨረሻው ዕድል ነው። ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ አናወራውም።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ከሩብ ገደማ ተሰረዘ። ይሄኛው የሃይድሮጅን ፍሳሽ ነው። ነዳጁ ከመሬት ወደ ሮኬቱ የሚገባበት 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ያፈሳል። ሃይድሮጅን ከንጥረ ነገሮች ሁሉ ትንሹ ነው፣ ሌላው የማያልፍበት ቀዳዳ ያሳልፈዋል። አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ደግሞ ለእሳት ዝግጁ ነው። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ አሞቁት፣ አቀዘቀዙት፣ በግፊት ጫኑት፣ አልሆነም። ዳይሬክተሯ ቻርሊ ብላክዌል ቶምሰን ዛሬ አይሄድም አለች። ውኃ ዳሩ ላይ ከኛ አጠገብ የነበረ ሰው ባርኔጣውን መሬት ላይ ጣለ። ልጆች አለቀሱ። እኔም ብቻዬን ብሆን አለቅስ ነበር መሰለኝ። አባዬ «ጋስኬት ነው» አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ። «እኔ አውቀው የለም እንዴ! ጋስኬት ነው።» (ከሳምንታት በኋላ ያንን መገጣጠሚያ ፈተው ሲያዩ ማሸጊያው ላይ ከሩብ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጎድጓዳ ምልክት አገኙ። ደውዬ ስነግረው የሎተሪ ያህል ነው የተደሰተው።)

ወደ አትላንታ ስንመለስ እየነዳሁ እኔ አልቆምኩም። በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር፣ የስንት ዓመት ሥራ፣ አንድ ቧንቧ መግጠም አቃታቸው፣ ወዘተ ወዘተ። አባዬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አዳመጠኝና በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረኝ።

ድሮ፣ እኔ ሳልወለድ ነው፣ በፋሲካ ሰሞን አንድ አውቶቡስ ለጉዞ ሲዘጋጅ ፍሬኑ አላማረውም። ይፈታ፣ ነገ ይሂድ አለ። መንገደኛው ተጭኗል፣ በግ በጣሪያ ላይ ታስሯል፣ ሁሉም ለበዓል አገሩ ሊገባ ነው። ሰው ጮኸ፣ ሰደበው። ባለቤቱም መጥቶ «የአንተ ፍርሃት እኔን ሊያደኸየኝ ነው፣ ይሂድ፣ ሲመለስ ታየዋለህ» አለው። አባዬ ለቀቀው። «ፈርሜ ለቀቅኩት» ነው ያለኝ። አውቶቡሱ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ሾፌሩ ጎበዝ ስለነበር ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው አስጠግቶ አጋጨው። ሰው አልሞተም። ረዳቱ ግን እግሩን አጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር አለኝ። ስሙን ነገረኝ፣ እዚህ አልጽፈውም። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከደመወዙ ለዚያ ልጅ በየወሩ ይሰጠው እንደነበር የሰማሁት በዚያ መንገድ ላይ ነው። እናቴ ታውቅ ነበር።

«ከዚያ በኋላ ስንቱን አውቶቡስ አስቁሜያለሁ» አለኝ። «አብዛኛው ምንም አልነበረበትም።»

እኔ ሌላ የምለው ጠፋኝ።

ቤት ስደርስ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ስለ ቻሌንጀር ማንበብ ጀመርኩ። ብዙዎቻችሁ ፍንዳታውን በቪዲዮ አይታችሁታል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ሳምንት ግን ብዙ ሰው አያስታውስም። ጃንዋሪ 1986 ላይ ያ መንኮራኩር በአየር ጠባይም በሌላም ምክንያት ቀጠሮው ደጋግሞ ተላልፏል። ጃንዋሪ 27 ደግሞ የበሩ እጀታ ላይ የነበረች ብሎን አልፈታ ብላ፣ እሷን ሲታገሉ ነፋሱ በረታና ተሰረዘ። በዜና ይቀለድባቸው ነበር፣ ልክ እንደኛ አሁን። በዚያ ምሽት ረዳት ሮኬቶቹን የሠሩት ኢንጂነሮች፣ ከእነሱም አንዱ ሮጀር ቦይዦሊ፣ ብርዱ በመገጣጠሚያ ያለውን የጎማ ቀለበት ያደነድነዋል፣ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ በታች ከሆነ አታስነሱ ብለው በስልክ ስብሰባ ተከራከሩ። አለቆቻቸው መጀመሪያ ተስማሙ፣ ከናሳ በኩል ግፊቱ ሲበዛ ግን ቃላቸውን አጠፉ። በማግስቱ ጠዋት ሙቀቱ 2 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ለቀቁት። 73 ሰከንድ። ሰባት ሰው፣ ከእነሱም አንዷ አስተማሪ።

ቻሌንጀር የተነሳው ከ39ቢ ማስወንጨፊያ ነው። አርቴሚስም የቆመው እዚያው 39ቢ ላይ ነው። በጎኑ ያሉት ሁለት ነጫጭ ረዳት ሮኬቶች ደግሞ የዚያን ጊዜዎቹ ተሻሽለውና ረዝመው የመጡ ዘሮች ናቸው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ «ሲስተም የለም» የሚለው ቀልድ አልሳቀኝም።

እዚህ ላይ የራሴን አቋም በግልጽ ልናገር፣ የማትስማሙ ከሥር ጻፉ። እኛ አስቁሞ የሚያዘገየንን ሰው አንወድም። ሾፌሩ «ጎማው አላማረኝም» ብሎ ሲቆም እንጮህበታለን። ሐኪሙ «ዛሬ አላደርገውም፣ ምርመራው ይደገም» ሲል ሌላ ሐኪም እንፈልጋለን። ኢንጂነሩ «ኮንክሪቱ አልደረሰም፣ ሳምንት ይቆይ» ሲል ባለቤቱ ይቀይረዋል። ፈርቶ ነው፣ አያውቅም፣ ጉቦ ፈልጎ ነው እንላለን። ደፍሮ የለቀቀውንና ሳይወድቅ የቀናውን ግን «ጀግና» ብለን እናወድሰዋለን። ሳይወድቅ የቀረው በችሎታው ይሁን በዕድሉ አንጠይቅም። አባዬ ያስቆማቸው ከመቶ የሚበልጡ አውቶቡሶች «ምንም አልነበረባቸውም»፤ ስለዚህ አርባ ዓመት ሙሉ ሲሰደብ ነው የኖረው ማለት ነው። አንዴ ለቀቀ፣ ያን ቀን ማንም አልሰደበውም።

አዎ፣ የእኛ አገር «ነገ ና» ከዚህ የተለየ ነው የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልክ ነው። የቀበሌው መስኮት ላይ ያለው «ነገ ና» ምክንያት የለውም፣ ነገ ስትመጣም የሚጠብቅህ ሌላ «ነገ ና» ነው። ልዩነቱ እኮ ይሄ ነው። እነዚህ ሰዎች በሰዓቱ ውስጥ የትኛው ሞተር፣ የትኛው ቧንቧ፣ ስንት ዲግሪ እያሉ ይነግሩሃል። ከዚያ ጋዜጠኛ ፊት ተቀምጠው ይጠየቃሉ። ሲሳሳቱም «መለኪያው ነው የተሳሳተው» ብለው መልሰው ይነግሩሃል። ቆላ ውስጥ መኪና ውስጥ ያደርክ ሰው ብትሆንም የተናቅክ አይመስልህም። ቢያንስ ንዴቴ ሲበርድ እኔ እንደዚያ ነው የተሰማኝ።

ይሄን ስል ናሳን ቅዱስ ላደርገው አይደለም። ይሄ ሮኬት በኮንግረስ ሕግ መሠረት በ2016 መብረር ነበረበት። የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር በ2022 ማርች ላይ አንዱ ጉዞ 4.1 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ብሎ ለኮንግረስ ተናግሯል። የሃይድሮጅን ፍሳሽም ዛሬ የመጣ ጉድ አይደለም፤ በ1990 ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር በዚሁ ፍሳሽ ከሜይ እስከ ዲሴምበር ቆማለች። የሚያፈስ መሆኑን ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያወቁ፣ ከዚያው ዘመን ሞተርና ነዳጅ ጋር ተጣብቀው መቆየታቸው የሚያስተች ነው፤ ዕቅዱንና ገንዘቡን የወሰኑት ሰዎች ይተቹበት። እኔ የምከራከረው በዚያች ጠዋት ወንበር ላይ ተቀምጣ «አይሄድም» ላለችው ሴት ነው። ሮኬቱን ውድና ዘግይቶ የመጣ ያደረገችው እሷ አይደለችም። ውድ መሆኑና መዘግየቱ ደግሞ ዛሬ ይለቀቅ ለማለት ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም ሰውን ወደ ስህተት የሚገፋው ይሄው ነው፣ «እስካሁን ይሄን ያህል አውጥተን» የሚባለው ነገር።

አባዬ በሴፕቴምበር 8 ሄደ። ኤርፖርት ላይ «ሲነሳ ደውልልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን» አለኝ።

ሦስተኛው ቀጠሮ፣ የሴፕቴምበር 27ቱ፣ ኢያን የሚባለው አውሎ ነፋስ ስለመጣ ከቤትም ሳልወጣ ቀረ፤ ሮኬቱን ወደ ጋራዡ መለሱት (አባዬ «ጋራዥ» ነው የሚለው፣ እኔም ለመድኩት)። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ኒኮል መጣች፤ ያን ጊዜ ሳይመልሱት እዚያው ቆሞ ነፋሱን ቻለ፣ ቀጠሮው ከ14 ወደ 16 ተገፋ። አንዳንዶቻችሁ ወደፊት መሄድ እንደምትፈልጉ ስለጻፋችሁልኝ ልምዴን ልንገራችሁ፦ ሊሰረዝ የሚችል ሆቴል ብቻ ያዙ፣ ከቀጠሮው በኋላ ሁለት ቀን ትርፍ ይኑራችሁ፣ ለልጆች «ሮኬት ልናይ ነው» አትበሉ፣ «ባሕር ልንሄድ ነው» በሉ። የትንኝ መከላከያ አትርሱ።

ማክሰኞ ጠዋት ብቻዬን ነዳሁ። ማታ 4 ሰዓት ገደማ እንደገና የሃይድሮጅን ፍሳሽ አለ ተባለ። «በቃ» አልኩ። ዕቃዬን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ሦስት ሰዎች ወደ ሮኬቱ ሊሄዱ ነው አሉ። ወደ 2 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ሃይድሮጅንና ከ700 ሺህ ሊትር በላይ ፈሳሽ ኦክስጅን ከላያቸው ተጭኖ፣ እነሱ ከሥር ገብተው የአንድ ቫልቭ ብሎን ሊያጠብቁ። አዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ አባዬ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስበት። ደወልኩ፣ ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም። «ተጭኖ? ሙሉ ሆኖ?» አዎ አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ስንት ቁጥር መፍቻ ነው የያዙት?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ! «እሱን ጠይቅልኝ» አለ፣ የምር ነው።

አጠበቁት፣ ፍሳሹ ቆመ፣ ሰዎቹ በሰላም ወጡ። ከዚያ ደግሞ ጉዞውን የሚከታተለው ራዳር ምልክት አጣ፤ አንድ የኔትወርክ ዕቃ ተበላሽቶ ነው ብለው ቀየሩት። የተባለው ሰዓት፣ 7 ሰዓት ከ4፣ አለፈ። አጠገቤ የነበሩት ባልና ሚስት ተኝተዋል። እኔ አልተናደድኩም፤ ለራሴም ገርሞኛል።

7 ሰዓት ከ47። አባዬን በቪዲዮ ደውዬ ስልኩን ወደ ማዶ አዞርኩት፣ አዲስ አበባ ረፋድ 3 ሰዓት ከ47 ነው። መጀመሪያ ብርሃን ነው የሚመጣው፣ ያለ ድምፅ። ሰማዩ ብርቱካን ሆነ፣ ውኃው ብርቱካን ሆነ፣ የሰው ፊት ሁሉ ታየ፣ ንጋት የሆነ መስሏቸው ወፎች ጮኹ። ሮኬቱ ዝም ብሎ ይወጣል። ድምፁ 19 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ ሲመጣ ደግሞ በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው የሚሰማው። ሸሚዜ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ስልኩ ላይ የአባዬ ፊት ደርቆ ቀርቷል፣ ኔትወርኩ ቆርጦታል፣ አፉ ትንሽ እንደተከፈተ።

ነበልባሉ ደመና ውስጥ ገብቶ ከጠፋ በኋላ ነው መልሼ ያገኘሁት። አየኸው ወይ አልኩት። እስከ ግማሹ አየሁት አለ። ከጀርባው እናቴ «ምንድነው እሱ?» ስትል ይሰማል።

«ያ ብሎን ያዘ ማለት ነው» አለኝ።